የሥራ ፈጠራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፦ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ይዘትና ምዘና ሲመረመር

1. መግቢያ

በአገራችን ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር፣ ተማሪዎች ወደ ጥናት መስካቸው ከመግባታቸው በፊት እንዲወስዷቸው ከተወሰኑት ኮርሶች አንዱ «ኢንተርፕረነርሺፕ»፣ በተለመደው የአማርኛ አጠራሩም «ሥራ ፈጠራ» ሆነ። በዚህ ውሳኔ መሠረት ወደ ተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚያመራው ተማሪ፣ ነገ መሐንዲስ ወይም መምህር ለመሆን ቢያስብም፣ ስለ ንግድ ድርጅት አመሠራረት ጥቂት ሳይማር እንዳያልፍ ታስቧል።

የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ደርሰዋል። ምሩቁን በቀጥታ እየተቀበለ ደመወዝተኛ ያደርግ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በዚያው መጠን አልሰፋም። «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ምክር በየምረቃው በዓል የሚደጋገመው ከዚህ የተነሣ ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ከባድ ሸክም አዝሏል፤ ሥራ ያላገኘው ወጣት ጥፋቱ የራሱ እንደ ሆነ በውስጠ ወይራ ይነግረዋልና። ምክሩን የሚሰጠው ተቋም ስለዚህ አንድ ኃላፊነት አለበት፤ ወጣቱን ለተመከረው ነገር በእርግጥ ማዘጋጀት።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ኮርሱ ይህን ኃላፊነት ምን ያህል እንደሚወጣ ነው። ትኩረቱ በሁለት ነገሮች ላይ ይሆናል፤ በመማሪያው ሞጁል አደረጃጀትና ተማሪው በሚመዘንበት መንገድ ላይ።

2. የትምህርቱ ሥረ መሠረት

«ኢንተርፕረነር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የተገኘ ሲሆን አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት የሚጀምር ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 በታተመው መጽሐፉ ቃሉን ለኢኮኖሚ ጥናት ያበረከተው ሪቻርድ ካንቲሎን፣ እንዲህ ያለውን ሰው በታወቀ ዋጋ ገዝቶ ባልታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ሲል ይገልጸዋል። ገበሬንም ከዚሁ ወገን ይቆጥረዋል። በዚህ ትርጉም መሠረት ጤፉን ዘርቶ የመስከረምን ዝናብና የጥርን ገበያ የማያውቀው የኢትዮጵያ ገበሬ፣ ሽንኩርት ከአትክልት ተራ ተረክባ በመንደር የምትቸረችር እናት፣ ሁለቱም የዚህ ትምህርት ነባር ባለሙያዎች ናቸው። «ሥራ ፈጠራ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ግን ክብደቱን ያሳረፈው በአደጋውና በኃላፊነቱ ላይ ሳይሆን በውጤቱ፣ ማለትም በሥራ ዕድል ላይ ነው። ስያሜው ተማሪውን ገና ከመነሻው ትልቅ ድርጅት እንዲያልም ይገፋፋዋል፤ ጎረቤቱ በየቀኑ የምትወስደውን ስጋት ግን የትምህርቱ አካል አድርጎ እንዲያይ አይረዳውም።

የአገሪቱም ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ አመለካከት አስተዋጽኦ አድርጓል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው ኅብረተሰብ የሀብትን ምንጭ በሹመት እንጂ በሙያ ሲፈልግ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲናቁ በመኖራቸው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ሀብት ከዕውቀትና ከሥራ የሚመነጭ መሆኑን ለማስረዳት ደክመዋል። ይሁንና ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ዋነኛ ዓላማው ለመሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ማፍራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በአዲስ አበባ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንኳ ስሙ የንግድ ይሁን እንጂ፣ የሒሳብ መዝገብ ያዦችንና ጸሐፊዎችን በማውጣት ነው የታወቀው። ንግድ ተማረ ማለት የሌላውን ሰው ወይም የመንግሥትን ሒሳብ ለመያዝ በቃ ማለት ነበር።

ይህም ሆኖ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያለውን ዓለም የትምህርት አካል የማድረግ ሙከራ ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል የተመሠረተው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን አጣምሮ እንዲይዝ ነበር የታቀደው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ከግቢው ውጭ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ ብዙዎቹም በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት አሳልፈውታል። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያሳዩት በተግባር የተገኘ ልምድ ለዲግሪ መመዘኛ ሊሆን እንደሚችል የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከብዙ ጊዜ በፊት የተቀበሉት መሆኑን ነው።

3. የሞጁሉ አደረጃጀት

በቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት ለኮርሱ የተዘጋጀው ሞጁል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ሰባት ምዕራፎች አሉት። እነዚህም በቅደም ተከተል የኢንተርፕረነርሺፕ ምንነት፣ የንግድ ዕቅድ፣ የንግድ ድርጅት አመሠራረት፣ የምርትና አገልግሎት ዝግጅት፣ ግብይት፣ የአዲስ ድርጅት አደረጃጀትና የገንዘብ ምንጭ፣ በመጨረሻም የድርጅት ዕድገትና ሽግግር አመራር ናቸው።

ሞጁሉ የሚመሰገንባቸው ነጥቦች አሉት። የአነስተኛና ጥቃቅን ድርጅቶችን ምንነት ሲያስረዳ በአገሪቱ የተሠራበትን መለኪያ ይጠቀማል። በአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ ረገድ የኢትዮጵያን ሥርዓት ያነሣል። ስለ ገንዘብ ምንጭ ሲያትትም ከባንክና ከማይክሮፋይናንስ ተቋማት ባሻገር እቁብንና እድርን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማትን ይጠቅሳል። ለመላው አገሪቱ አንድ ወጥ መማሪያ መዘጋጀቱም በራሱ ለአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ እገዛ ነው።

ዋናው ጉድለት በቅደም ተከተሉ ላይ ይታያል። የንግድ ዕቅድ በሁለተኛው ምዕራፍ ሲቀርብ፣ የሚሸጠው ነገር በአራተኛው፣ ገዢው ደግሞ በአምስተኛው ምዕራፍ ይመጣል። ተማሪው ማን እንደሚገዛው፣ በስንት እንደሚገዛውና ለምን እንደሚገዛው ገና ሳይማር የድርጅቱን ዕቅድ እንዲያስብ ይጠየቃል ማለት ነው። ይህ አሰላለፍ በአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት የተለመደውን መንገድ የሚከተል ሲሆን፣ ገንዘብ ለማግኘት በባንክ ወይም በባለሀብት ፊት ሰነድ ይዞ ለሚቀርብ ሰው ይስማማ ይሆናል። በአገራችን ግን የብዙው ነጋዴ ጉዞ በተቃራኒው ነው። መርካቶ ውስጥ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው ደንበኛውን ነው፤ ቀጥሎ ዋጋን፣ ከዚያ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ከዚያም በዱቤ ማን እንደሚታመን ይማራል። ዕቅዱ የሚመጣው የራሱን ሱቅ ለመክፈት ሲያስብ፣ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። በምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮና በርሜል ወደ ምድጃና ወደ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚለውጠው ባለ እጅም ጥሬ ዕቃው በየትኛው ወቅት እንደሚረክስና ገዢው የትኛውን ቅርጽ እንደሚመርጥ ሳያውቅ መዶሻ አያነሣም።

ሁለተኛው ጉድለት መጥቀስና መመርመር አንድ ሆነው መታየታቸው ነው። እቁብ በሞጁሉ መጠቀሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሊመረመር ይገባዋል። 20 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር የሚጥሉበት እቁብ ቢታሰብ ዕጣው 10,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው በቀሩት 19 ሳምንታት የሚጥለው 9,500 ብር ያለ ወለድ እንደ ተበደረው ገንዘብ የሚቆጠር ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያስቀምጥ የቆየ ቆጣቢ ነው። ገንዘቡ በቶሎ የሚያስፈልገው ነጋዴ ዕጣ ለወጣለት ሰው 500 ብር ሰጥቶ ተራውን ቢገዛ፣ ያ 500 ብር የብድር ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ይህ ዋጋ ከባንክ ወለድ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ዕጣ ከወሰደ በኋላ መጣል ያቆመ ሰው ሲገኝ ዋሱ እንዴት ይጠየቃል? በ20 ሳምንታት ውስጥ ብር የመግዛት ኃይሉ ቢቀንስ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ሒሳብን፣ ሕግንና ማኅበራዊ ጥናትን በአንድነት የሚጠይቁ በመሆናቸው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከገበያ ልምድ በላይ የሚጨምረውን ነገር በግልጽ ያሳያሉ።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ገዢው፣ ሻጩ፣ የቀበሌው ሠራተኛና የገቢዎች ቢሮው ግን የሚነጋገሩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ነው። ዱቤ፣ ቀብድ፣ መነሻ፣ ትርፍና ኪሳራ የሚሉትን ቃላት ተማሪው ከቤቱ ይዞ ይመጣል። በመማሪያ ክፍል ግን እነዚህን ትቶ በባዕድ ስማቸው ትርጓሜያቸውን ማጥናት ግድ ይሆንበታል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ በምዘናው ላይ ነው።

4. ምዘናው ምን ይለካል?

በተለመደው አሠራር ኮርሱ የሚመዘነው በጽሑፍ ፈተናና ተማሪዎች በቡድን በሚያዘጋጁት የንግድ ዕቅድ ነው። የጽሑፍ ፈተናው በተለይም ተማሪው በሚበዛበት አዳራሽ፣ ትርጓሜንና ዝርዝርን ወደ መጠየቅ ያዘነብላል። «የሥራ ፈጣሪን ባሕርያት ዘርዝር» የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ ተማሪ ጥሩ ውጤት ያገኛል፤ ሆኖም አንዱንም ባሕርይ በራሱ ላይ የፈተነበት አጋጣሚ አልነበረም።

የንግድ ዕቅዱ ከዚህ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱ አደጋ አለው። አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች የዳቦ ቤት ወይም የዶሮ እርባታ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ሲታዘዙ፣ በሰነዱ ውስጥ የመነሻ ካፒታል፣ የዓመት ሽያጭና የተጣራ ትርፍ የሚሉ ሠንጠረዦችን መሙላት አለባቸው። ከአንድ ዳቦ ቤት ባለቤት ጋር ሳይነጋገሩ፣ የዱቄትን ዋጋ ሳይጠይቁ፣ በቀን ስንት ዳቦ ሳይሸጥ እንደሚያድር ሳያውቁ ሠንጠረዡን መሙላት ይቻላል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያሉት መምህርም ቁጥሩን የሚያጣራበት ጊዜ ስለሌለው የሚያርመው የሰነዱን ቅርጽ ይሆናል። እዚህ ላይ «ፈጠራ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለተኛ ትርጉሙ፣ ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ማቅረብ፣ ከመጀመሪያው ትርጉሙ ጋር ይጋጫል። ከኮርሱ በኋላ ተማሪው የሚይዘው ልማድ ያልተለካ ቁጥርን በሥርዓት መጻፍ ከሆነ፣ ለነጋዴነትም ሆነ ለተመራማሪነት ጎጂ ነው። ነገ በመሥሪያ ቤት ዕቅድ የሚያወጣውም ይኸው ሰው መሆኑን የፕላን ባለሙያዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች በየጥናት መስካቸው የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉም ከዚህ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የመውጫ ፈተና የየመስኩን ዕውቀት ደረጃ ለማስጠበቅ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ትምህርትን ሁሉ በወረቀት ፈተና የመለካት ዝንባሌ ሲጠነክር፣ በተፈጥሮው በወረቀት የማይለካ ኮርስ ይበልጥ ወደ ዳር ይገፋል።

5. ከሌሎች የተገኙ ማስረጃዎች

በዚህ መስክ ቀዳሚ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እ.ኤ.አ. በ1947 በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት በማይልስ ሜስ የተሰጠው ሲሆን የተከታተሉት 188 ተማሪዎች ነበሩ። እነዚያ ተማሪዎች ዕድሜያቸው የበሰለ፣ ብዙዎቹም ከጦርነት የተመለሱ፣ ትምህርቱን በምርጫቸው የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። የእኛው ኮርስ በአንጻሩ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና ለመጡ ወጣቶች በግዴታ የሚሰጥ ነው። ለአንዱ የተሰፋ ልብስ ለሌላው ልክ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የቱኒዝያ ተሞክሮ ነው። በዚያች አገር ከ2009/10 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፍ ፈንታ በአሠልጣኝና በመምህር እየተረዱ የንግድ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። ውጤቱ ሲጠና በግላቸው መሥራት የጀመሩት ተማሪዎች ቁጥር በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በጠቅላላው ሥራ የያዙት ምሩቃን መጠን ግን አልተለወጠም። ከፊሎቹ ተቀጥረው ሊሠሩ የሚችሉትን ትተው ወደ ግል ሥራ ተሸጋገሩ እንጂ የሥራው ብዛት አልጨመረም።

በኔዘርላንድ ተማሪዎች አነስተኛ ኩባንያ መሥርተው በተግባር በሚሠሩበት መርሐ ግብር ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በተማሪዎቹ ችሎታ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ የራሳቸውን ድርጅት ለማቋቋም የነበራቸው ፍላጎትም ቀነሰ። ይህ የተግባር ትምህርትን የሚቃወም ማስረጃ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ ሲታሰብ ግን ሌላ ትርጉም አለው። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ወራት ሞክሮ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የተረዳ ወጣት፣ የቤተሰቡን መሬት ወይም ቤት አስይዞ ከተበደረ በኋላ ከሚረዳው ወጣት እጅግ የተሻለ ነው። ኮርሱ የሚመዘነው ስንት ምሩቅ ድርጅት ከፈተ በሚል ብቻ ከሆነ ይህ ትልቅ ጥቅም እንደ ውድቀት ይቆጠራል።

ከአፍሪካ ሌላው ማስረጃ የቶጎ ነው። በሎሜ ከተማ 1,500 ጥቃቅን ድርጅቶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረ የተግባር ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው በ30 በመቶ ሲያድግ፣ የተለመደውን የንግድ ሥልጠና የወሰዱት ግን እርግጠኛ የሚያሰኝ ለውጥ እንዳላሳዩ ገልጿል። ሠልጣኞቹ ቀድሞውኑ በንግድ ላይ የነበሩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በኢትዮጵያም የ300 ዶላር ድጋፍና አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ሥራ ፈላጊዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢያቸው በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ካልተረዱት ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠፍቶ ተገኝቷል። ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የዕቅድ አጻጻፍ ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ተግባርና ገንዘብም ቢታከሉበት ተአምር አይሠሩም።

6. ከዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ የሆነው

የነጋዴ መብዛትና ማነስ በኮርስ ብቻ አይወሰንም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በግል ለሚቋቋም ኢንዱስትሪ የ500,000 ብር የካፒታል ጣሪያ አበጅቶ ነበር። በዚያ ዘመን ድርጅቶች ያላደጉት ተማሪዎች የንግድ ዕቅድ መጻፍ ስላልቻሉ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ዛሬም ቢሆን ባንክ ለብድር መያዣ ይጠይቃል፤ አዲስ ምሩቅ ደግሞ ከዲግሪው በቀር የሚያስይዘው የለውም። የመሥሪያ ቦታ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የጥሬ ዕቃ አቅርቦት ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚወሰኑ ናቸው።

በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በኋላ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የንግድና ልማት ጉባኤ ያስፋፋውን «ኤምፕሬቴክ» የተባለ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ የስድስት ቀን ሥልጠና በተሳታፊው ጠባይና ውሳኔ ላይ የሚያተኩር ነው። እንዲህ ያለው ተቋም እያለ ዩኒቨርሲቲው ያንኑ ሥራ በሰፊ አዳራሽ ሊደግመው መሞከሩ ድካም ነው። ዩኒቨርሲቲ በተለይ ሊሠራው የሚገባው ሌላ ነው፤ በአካባቢው ያለውን ችግርና ገበያ መመርመር፣ መለካት፣ የተለካውንም በሐቅ መመዝገብን ማስተማር። «ዩኒቨርሲቲ ሱቅ አይደለም» የሚለው ተቃውሞም በዚሁ መልስ ያገኛል፤ ሐቀኛ የሒሳብ መዝገብ እንደ ቤተ ሙከራ መዝገብ ሁሉ የምርምር ሰነድ ነውና።

7. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ በቀረበው መሠረት የሚከተሉት ማሻሻያዎች ቢታሰቡ ይጠቅማል።

ሀ. የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ተለውጦ ገዢውና ችግሩ እንዲቀድሙ፣ የንግድ ዕቅድ ወደ መጨረሻው እንዲሸጋገር ቢደረግ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና የስልክ ጥገና ሱቆች ላይ በሚደረግ ጥናት ሊጀመሩ ይችላሉ። ቃለ መጠይቁ በአካባቢው ቋንቋ እንዲካሄድና እንዲመዘገብ ቢፈቀድ።

ለ. እያንዳንዱ ቡድን በጣም አነስተኛ በሆነና ከዩኒቨርሲቲው በሚገኝ ተዘዋዋሪ ገንዘብ አንድ ምርት ወይም አገልግሎት ለጥቂት ሳምንታት እንዲሞክር፣ ኪሳራው በተማሪው ቤተሰብ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ እንዲወሰን ቢደረግ።

ሐ. ዋናው ምዘና የዕለት ገቢና ወጪ መዝገቡ እንዲሆን። የከሰረ ነገር ግን ለምን እንደ ከሰረ በማስረጃ ያስረዳ ቡድን ሙሉ ነጥብ ማግኘት አለበት፤ ያልተጣራ ትርፍ የጻፈ ግን ነጥብ ሊያገኝ አይገባም። መምህሩ ሁሉንም ማጣራት ስለማይችል በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቡድኖችን ደረሰኝና ደንበኛ አቅርቡ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሌሎቹም በጥንቃቄ እንዲሠሩ ያደርጋል።

መ. ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና ባለ እጆች በንግግር እንግድነት ብቻ ሳይሆን ከመምህሩ ጎን ተቀምጠው በመዛኝነት ቢጋበዙ። ይህ የቆየውን የሙያ ንቀት ለማረም ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ሠ. በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የሚመግበውና ብዙ ኅትመት የሚያሠራው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ትልቅ ገዢ በመሆኑ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ከግዢው ጥቂቱን የተማሪዎችና የምሩቃን ማኅበራት እንዲወዳደሩበት ቢመድብ።

ረ. በመምህራን ማሠልጠኛ የሚገኙ ዕጩ መምህራን ይህን ዓይነት የመዝገብ ሥራ እንዲለማመዱ ቢደረግ። መምህር የሚያስተምረው በተማረበት መንገድ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሥራ ፈጣሪን ባሕርያት ሲዘረዝር የወጣ መምህር፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ልጆቹን ያንኑ ያዘረዝራል።

ከእነዚህ መካከል የተዘዋዋሪ ገንዘቡና የግዢው ጉዳይ በጀትና መመሪያ የሚሹ ናቸው። የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል መለወጥና የመዝገብ ምዘናን መጀመር ግን አንድ ደብተር፣ የአንድ ትምህርት ክፍል ስምምነትና ወደ ገበያ የሚያስወጣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ በሚቀጥለው የትምህርት መንፈቅ በጥቂት ክፍሎች ቢሞከሩ የሚከለክል ነገር የለም። የሙከራው ውጤት፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ ተመዝግቦ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች ቢቀርብ ሞጁሉ በሚሻሻልበት ጊዜ ከግምት ይልቅ በማስረጃ ለመወሰን ያስችላል።